የመምህር ፊክሪ ቦርድ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ የጠገንኩት፣ ሦስት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቦርድ፣ አንድ የፍሪጅ። ከሰዓት ዝናብ። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ... ነገ የተቃጠለ ቦርድ ይጎርፍልኛል ማለት ነው። መብራት እንዲህ ባይጫወትብን ኖሮ እኔ ምን እበላ ነበር?

ልዘጋ ስል ሐጃ ኢንሳፍ መጡ። የመምህር ፊክሪ ሚስት። ሰውየውን በዓይን ብቻ ነው የማውቃቸው፤ በወንዶቹ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ።"

"ምንድን ናት?"

"መምህሩ የሠራት እንጨት የምትጠርብ ማሽን አለች አይደል? ሲኤንሲ ይላት ነበር። የሷ ጭንቅላት ናት። መብራት ሲመጣ ጧ! አለችና በዚያው ዝም።"

ገለጥኩት። በእጅ የተሠራ ቦርድ። ከሥር ሽቦ በሽቦ ላይ፣ ከላይ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊ ነገር ተለቅልቆበታል። አፌ አያርፍ... "ይሄን የሠራው ሰው ሰክሮ ነበር እንዴ?" አልኩ።

"ባሌ ነው። መጠጥ ደግሞ አይቀምስም" አሉ ሐጃ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነገ ቤታቸው መጥቼ ማሽኗን አያለሁ አልኩ። ከሃፍረት የተነሣ ብቻ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሄድኩ። ምድር ቤት ናት ማሽኗ፤ የምግብ ጠረጴዛ የምታክል፣ ግማሿ እንጨት ግማሿ ብረት። አዲስ ቦርድ ገዝቼ ልገጥምላቸውና ልገላገል ነበር ሐሳቤ። አይሆንም። ሞተሮቹ ከአሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን የተነቀሉ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሽቦ። የገበያ ቦርድ እነሱን አያውቃቸውም።

ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ዋናውን ሐጃ ቁም ሣጥን ከፍተው አሳዩኝ። ሠላሳ አንድ የክብሪት ቀፎ። በእያንዳንዱ ውስጥ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ጥፍር የምታክል አንዲት ሜሞሪ። ላዩ ላይ የሰው ስም።

"እነማን ናቸው?"

"ጠራቢዎች። የከተማችንን የዱምያጥን አልጋና ቁም ሣጥን የጠረቡ። ሁሉም ሞተዋል፣ አላህ ይማራቸው። አሥራ አንድ ዓመት በየሰው መኝታ ቤት እየገባ የአልጋ ራስጌ ሲዳብስ የከረመው የእጃቸውን ቅርጽ ለመገልበጥ ነው። ሰዉ አብዷል ይለው ነበር። እኔም አልቀረሁ።"

ሜሞሪዎቹ የተጻፉት መምህሩ ራሳቸው በፈጠሩት አጻጻፍ ነው። ከዚህ ቦርድ በቀር የሚያነባቸው የለም። እሳቸው ደግሞ ባለፈው ዓመት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎናቸው ሞቷል፤ ከቃል ሁሉ የቀረቻቸው "አዎ" ብቻ ናት። ልጃቸው ሩሽዲ ታኅሣሥ 10 ከኩዌት ይመጣል። ክፍሉ የስልክ ሱቅ ሊሆን ነው። ብረት ገዢው ማሽኗን መጥቶ አይቷታል።

መምህር ፊክሪ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቦርዱን ይዤ ተጠጋሁ።

"መምህር፣ ይሄ መስመር መቅረጫዋን ወደ ታች ለሚያወርደው ሞተር ነው?"

"አዎ።"

"ወይስ ወደ ጎን ለሚወስደው?"

"አዎ።"

"ወይስ በቀጥታ ካይሮ ይገባል?"

"አዎ!" ብለው ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ሁሉንም ይሰማሉ ማለት ነው... የሚመልሱበት ነው ያጡት።

ተቀበልኩ። ለምን ተቀበልኩ?

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ዋናው ቺፕ ነዷል። ማሽኗ ምን መሥራት እንዳለባት የምታውቀው ሁሉ እሱ ውስጥ ነበር። ጠፋ። የቀሩኝ ሽቦዎቹ፣ ሠላሳ አንዱ ቀፎና "አዎ" የሚሉ ሰውዬ ናቸው።

እንግዲህ ከሽቦው ወደ ኋላ መሄድ ነው። ይሄ ሽቦ ለምን እዚህ ሄደ? ምን አስበው ነው?... ደግሞ የመረረኝ ያ ቀለም። መስመሩን ሁሉ ሸፍኖታል። ሥራቸው እንዳይሰረቅ መደበቃቸው ነው መሰለኝ። ስስታም!

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ስስታም ያልኩትን መልሼ እውጣለሁ።

ቀለሙ የጥፍር ቀለም ነው። ከተማችን ባሕሩ አጠገብ ናት፤ ጨዋማው እርጥበት ቦርድ ይበላል፣ ጥፍር ቀለም ደግሞ ይከላከላል። እኔ በአሥራ አምስት ዓመት ሥራ አስቤው አላውቅም። ይሄ ብቻ አይደለም። ቀለሙን ማሟሟት ከመጀመሬ በፊት ዝም ብዬ አየሁት... ቀዩ ለሞተር ኃይል በሚያደርሱት መስመሮች ላይ ብቻ ነው። ሮዙ ወደ ሜሞሪው በሚሄዱት ላይ። ሐምራዊው ከማሽኗ ወደ ቦርዱ በሚመለሱት ላይ። ሰውየው ምንም አልደበቁም። ለሚመጣ ሰው መንገድ ምልክት አድርገዋል!

ለሐጃ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"የኔ ጥፍር ቀለም ነው?"

"ይመስለኛል።"

"አንተ ሰውዬ! አሥር ዓመት ሙሉ እህትህን ስጠረጥር!"

"አዎ" አሉ መምህር፣ መሬት መሬት እያዩ።

"ይቅርታ ይጠይቋታ" አልኩ ለሐጃ።

"ኤዲያ፣ ይሄን ባትሰርቅ ሌላ ጥፋት አታጣም።"

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መቶ አርባ መስመር ተከተልኩ። ዓይኔ ቀልቷል። አንድም የተሳሳተ ብየዳ የለም... አንድም። እኔ በቀን ሁለት እሳሳታለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ምሳ ሐጃ ዘንድ። ሆዱ በሽንኩርት የተሞላ ዳክዬ። እምቢ ብል ሞቼ ነው።

ስወጣ በር ላይ ኡስታ ዞህኒ። ጎረቤታቸው ናቸው፤ የእጅ ሙያ አለቃን እኛ ኡስታ እንላለን። አርባ ዓመት እንጨት ጠርበው፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ማሽን ካስገቡ ወዲህ የሰው ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ።

"ኢንጂነር፣ ያቺን ብረት ልታስነሺያት ነው አሉ?"

"ኢንሻአላህ።"

"ተያት ትተኛ። ዘመዶቿ እኛን አስተኝተው የለ!"

"ይቺ እኮ ትንሽ ናት፣ ኡስታ። ማንን አስተኛች?"

"እባብ ትንሽ ትልቅ አለው እንዴ? ሰውዬው በየቤቱ እየዞረ የሙታን ሥራ ሲሰርቅ ኖረ። እኔም ጋ መጥቶ ነበር፣ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። ማንም የሠፈር ሰው ይነግርሻል።"

መንገዴን ቀጠልኩ። ግን ተናደድኩ። በቅጡ ለማላውቃቸው ሰው ተናደድኩ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ተንቀሳቀሱ! ሦስቱም ሞተሮች! አዲስ ቺፕ አስገብቼ፣ ያወቅኩትን ያህል ትእዛዝ ጽፌ... ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ሐጃ እልል አሉ።

ከዚያ ጥጋቤ መጣ። አንዲት ሐምራዊ መስመር ሥራዋ አልገባኝምና "ምንም አታደርግም" ብዬ ነቀልኳት። ዛን የሚባለውን ጠንካራ እንጨት አስሬ መቅረጽ ጀመርኩ። ጉጥ ላይ ስትደርስ የመቅረጫዋ ፑንታ ቀጭ! ስብርባሪው በጆሮዬ ሥር አለፈ።

መስመሯን መልሼ አዲስ ፑንታ ገጠምኩና መለኪያ ይዤ ተከታተልኩ። መቅረጫዋ ምን ያህል እንደምትታገል የምትነግር መስመር ናት። እንጨቱ ሲጠነክርባት ለቦርዱ ትናገራለች፤ ቦርዱ ቀስ እንድትል ያደርጋል ማለት ነው። እንደሱ ብዬ ጻፍኩላት። ጉጡ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝግ አለ... ቀስ ብላ በላችው፣ አለፈች።

መምህሩ ይሄን ያደረጉት በአንድ ሬዚስተርና ከወዳደቀ ራዲዮ በነቀሉት ዕቃ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው። የተማሪ ፈተና አርመው ሲጨርሱ። ወይ ጭንቅላት! ቀናሁባቸው ልበል? ቀናሁ። ግን ደስ የሚል ቅናት ነው።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሜሞሪውን ከፈትኩት። የመረጥኩት በድራን የሚል የተጻፈበትን ቀፎ ነው፣ እግሮቹ ከሁሉም ያልዛጉ ስለሆኑ። ቁጥሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይመጣሉ፤ ስፋት፣ ርዝመት፣ ጥልቀት። በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሳልኳቸው። መጀመሪያ ዝንብ የተራመደበት ይመስል ነበር። ከዚያ... ቅጠል! የወይን ቅጠል ከነጅማቱ! ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ጮህኩ። የጎረቤቱ ዳቦ ሻጭ ምን ሆንሽ ብሎ መጣ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ሁለት ችግር አለ። አንዱ፣ ቁጥሮቹ በተራ አይሄዱም። ማሽን ሲጠርብ እንደሚያርስ በሬ ከዳር እስከ ዳር ነው፤ ይሄ ግን ከግንዱ ይጀምርና ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፣ ሌላ ጋ ይዘላል። ጊዜ ማባከን። በተራ ደርድሬዋለሁ፣ አራት እጥፍ ይፈጥናል። ሁለተኛው፣ የራስጌው የቀኝ ግማሽ ጥሩ ነው፤ የግራው ግማሽ ግን ትርጉም የለውም። እርጥበት በልቶት ይሆናል። ችግር የለም፣ ቀኙን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጬ ግራ አደርገዋለሁ።

አቤት ብልጠቴ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ጠረብኩት። አንድ ክንድ የምታክል የራስጌ ናሙና፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት፣ እንከን የሌለው። ተኩራርቼ ስሙን ሳልናገር ለኡስታ ዞህኒ አሳየኋቸው።

"የማን እጅ ነው? ይገምቱ እስቲ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸውን በቅጠሉ ላይ ቀስ አድርገው ነዱ። ቀኙን። ግራውን። መልሰው ቀኙን።

"የማንም አይደለም።"

"እንዴት?"

"ግራ እጁ የት ሄደ?"

"የምን ግራ እጅ?"

እንደ ሕፃን አዩኝ። "እኛ እኮ ለግራው ጎን ብለን ከባድ ሳንቃ አናዞርም። ልጅ ሳለን ኡስታችን ቀኝ እጃችንን ከወገባችን ጋር አስሮ ዓመት በግራ ያስጠርበናል። ከዚያ በኋላ የቀኙ ቅጠል በቀኝ ነው፣ የግራው በግራ። የማንም ሰው ሁለት እጅ አንድ አይደለም። አንቺ ያመጣሽልኝ ሁለት ቀኝ እጅ ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት አላውቅም።"

ናሙናውን መልሰውልኝ ወንበራቸውን ማለስለስ ያዙ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ሥራ አልሠራሁም። ያ ትርጉም የለውም ብዬ የጣልኩት ግማሽ... የሰው ግራ እጅ ነበር። እርጥበት አልበላውም። እኔ ነኝ የበላሁት።

ግን እንዴት ነው የሚነበበው?

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ተገኘ! ቦርዱ ላይ ወደ ሜሞሪው የምትሄድ አንዲት ሮዝ ሽቦ ነበረች፤ ትርፍ ናት ብዬ ነበር። ትርፍ አይደለችም። ስትበራ ሜሞሪው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይነበባል። ቀኝ እጅ መሮውን ከግንዱ ወደ ጫፍ ይነዳል፣ ግራ እጅ ከጫፍ ወደ ግንድ ይስባል። መምህር ፊክሪ ይሄን ያውቁ ነበር። ለግራ እጅ ብቻ አንድ ሽቦ ዘረጉለት።

ደግሞ ያ "ጊዜ ማባከን" ያልኩት መዝለል! ኡስታ ዞህኒን ጠየቅኳቸው። አሮጌ ራስጌ አምጥተው ጣቴን ይዘው አስነኩኝ።

"እዚህ ጋ፣ ይሄ ቁርጥ ያኛውን በልቶታል አይደል? ስለዚህ ያኛው ይቀድማል። ጣት ላለው ሰው ሁሉም ተጽፏል።"

መምህሩ ቅርጹን ብቻ አልገለበጡም። ሰውየው በሕይወት ሳለ እጁ በምን ቅደም ተከተል እንደሄደ ነው የገለበጡት። ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ በጣታቸው እየዳበሱ። እኔ በተራ የደረደርኩት ያንን ነው። ስለ ፍጥነት ስል! ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ የማይም አይመስለኝም።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

አራት ሰዓት ፈጀ። ሐጃ፣ መምህሩና እኔ ቁጭ ብለን አየን። ማሽኗ እንደ ማሽን አልሄደችም። ግንዱን ጀመረች፣ ተመለሰች፣ ጅማቱን ሳበች፣ ጉጥ ላይ ዝግ አለች፣ ወደ ግራ ዞራ ሌላ ሰው ሆነች። መምህር ፊክሪ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ሆነው በግራ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አብረው ይሄዱ ነበር።

ኡስታ ዞህኒን ጠራኋቸው። "ብረት ቤት አልገባም" ብለው እምቢ፤ ሐጃ "ዳክዬዬን ስትበላ ነው የምትገባው?" ብለው ጎትተው አስገቧቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው ቀኙን ሄደ። ግራው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"በድራን" አሉ።

ስሙን አልነገርኳቸውም ነበር።

"በድራን ነው። ኡስታዬ። እዚች ጋ፣ እዪ፣ መሮውን ከማንሣቱ በፊት ትንሽ ያጣምማታል። በግራው ብቻ። ለዚች ጥምዘዛ ስንት ኩርኩም ቀምሻለሁ! አንድም ቀን አልመጣችልኝም..." ሽማግሌው ሰው እንጨቱን ደረታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው አሉ ከሞተ።

ከዚያ መምህር ፊክሪ ፊት ቆሙ። "ሌባ ብዬሃለሁ። በአደባባይ ነው ያልኩህ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

"አዎ" አሉ መምህር።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ሠላሳ አንዱም ተነበቡ። ሦስቱ ቆስለዋል፣ ግን ሰዉ ይታወቃል። ሁሉንም ሁለት ሁለት ቦታ ገለበጥኳቸው። ቦርዱንም በትልቅ ወረቀት ከነመስመሩ ሳልኩት፣ ማንም እንዲሠራው። ከሥሩ "የሠራው ፊክሪ ዐብዱልዐዚም፣ ያነበበችው ማግዳ" ብዬ ጻፍኩ። ከማንም ስም ሥር ስሜን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ከእሳቸው ሥር መሆኔ አኮራኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ቦርዱ ጥግ ላይ ሰባት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አለ። ምንም አይገባበትም። በሐምራዊ ተቀብቷል፤ ስለዚህ ቦርዱ አንድ ነገር የሚሰማበት ነው። ምን?

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሐጃን "የቀረ የማሽኗ ዕቃ የለም?" አልኳቸው። "የለም" አሉ። ሽንኩርት ልላጥላቸው ማዕድ ቤት ገባሁ... ግድግዳው ላይ ነጭ ሽንኩርት ተንጠልጥሏል። የተንጠለጠለበት መስቀያ ክርን አለው። ሁለት ክርን። በየክርኑ ላይ የራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ፣ ጫፉ ላይ መርፌ፣ ከኋላው ሰባት ሽቦ።

"ሐጃ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"መስቀያ ነዋ።"

የመገልበጫ ክንዱ ነው! መምህሩ በየቤቱ ይዘውት የዞሩት። መርፌው ቁርጡ ላይ ሲሄድ ቦርዱ ይሰማል፣ ሜሞሪው ይጽፋል። ዓመት ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ተሸክሟል። ሐጃ አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ መምህሩ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ክንዱ ይሠራል። ኡስታ ዞህኒ ከጧት ጀምሮ ምድር ቤት ናቸው፤ ወንበር የሚያለሰልሱትን እዚያው ይዘው መጥተዋል። "እርስዎን እንገልብጥ" አልኳቸው።

"እኔ ይቆየኝ። በመጀመሪያ እሱ።"

"ማን?"

"መምህሩ። የሁሉንም እጅ ያውቃል፤ የራሱን ግን አንድ ቀን አልጠረበም።"

"ኡስታ፣ ቀኝ እጃቸው እኮ..."

"ቀኙን ማን ጠየቀ? ግራ አለው አይደል? እኔ ስንቱን በግራ ብቻ አስተምሬያለሁ!"

ለስላሳ ሳንቃ አስቀመጡ። የመምህሩን ግራ እጅ መርፌው ላይ አስያዙ፣ በራሳቸው እጅ ከላይ ያዙ። "አትጫን። ሳብ። ሳ...ብ። ግራ እጅ ጉልበት አይወድም። ኧረ አትቸኩል፣ ተማሪ እየደበደብክ አይደለም!" አንዲት ቅጠል ለመጨረስ የጧቱ ሰዓት ሁሉ ሄደ። መጨረሻ ላይ ኡስታ ዞህኒ እጃቸውን አንሥተውላቸው ነበር፤ መምህሩ አላወቁም። ብቻቸውን ሳቡት።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቅጠሏን ዛን በሚባለው እንጨት ላይ ጠረብናት። ጠማማ ናት። ጅማቷ አንድ ቦታ ይንቀጠቀጥና መልሶ ይጸናል። ኡስታ ዞህኒ አውራ ጣታቸውን ነዱባት፣ ሁለቴ። "ሰው ነው" አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ያለ አይመስለኝም። አዲስ የክብሪት ቀፎ ባዶ አድርጌ ጥጥ አስገባሁ፣ ሜሞሪዋን አስተኛሁ፣ ስማቸውን ጻፍኩበት። መምህር ፊክሪ ተቀብለውኝ በግራ እጃቸው ከበድራን አጠገብ አስቀመጧት። እንባዬን አልደበቅኩም፣ ለምን እደብቃለሁ?

ከሰዓት ሩሽዲ ከኩዌት ደወለ። ሐጃ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ ሁላችንም ሰማን።

"እማ፣ ብረት ገዢው ማሽኗን ወስዶ ክፍሉ ተለቀቀ?"

"ክፍሉ ሰው አለበት።"

"ሰው? የምን ሰው? ስንት ናቸው?"

"ሠላሳ ሁለት።"

"ሠላሳ ሁለት! እማ፣ ደህና ነሽ? እነማን ናቸው?"

"ሠላሳ አንዱን አታውቃቸውም፣ ሙታን ናቸው። አንዱ ግን አባትህ ነው፤ አላስወጣውም።"

ሐጃ ስልኩን ዘግተው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ።